የቸሃው ልጅና የሠላሳ መንደር ጉባኤ

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936፣ በሰባት ቤት ጉራጌ ምድር፣ ወርደና በምትባል ቀበሌ ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ተወለደ። ይህ ልጅ አድጎ በሦስት ቋንቋ ጻፈ፤ በአፍ መፍቻው በቸሃ፣ በአገሩ የሥራ ቋንቋ በአማርኛ፣ በትምህርት ቤት በተማረው እንግሊዝኛ። ስሙን ከአገር ውጭ ያስጠራው ሦስተኛው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደበትን አገር ከወልቂጤ ተነስቶ ወደ ቤተ ጉራጌ የዘለቀ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። በጀፎሮው፣ ማለትም መንደሩን ለሁለት ከፍሎ በሚያልፈው ሰፊ የሣር ሜዳ ግራና ቀኝ፣ ትልልቅ ክብ የሣር ቤቶች ተደርድረዋል። ከየቤቱ ጀርባ የእንሰት ማሳ አለ። ጀፎሮው መንገድም፣ የከብት መሰማሪያም፣ የልጆች መጫወቻም፣ የሽማግሌዎች ሸንጎም ነው። ቸሃና እዣ የተባሉት የሰባት ቤት ጉራጌ ክፍሎች ጎረቤታሞች ናቸው። የእዣ ማዕከል በሆነችው በአገና ገበያ የእዣና የቸሃ ሰው ሲገናኙ አንዱ የሌላውን አፍ ያለ አስተርጓሚ ይሰማል። በሳህለ ሥላሴ ልጅነት ግን ይህ አፍ የሚነገር እንጂ የሚጻፍ አልነበረም። ክስ የሚመሠረተው በአማርኛ፣ ቅዳሴው በግዕዝ ነበር። ልጅ በቸሃ ተረት ሰምቶ ያድጋል፤ ፊደል የሚቆጥረው ግን በሌላ ቋንቋ ነው።

ሳህለ ሥላሴ ፊደል የቆጠረው እምድብር በሚገኘው የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የዚያ ዘመን የጉራጌ ልጅ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ የሚሄደው ለሥራ ነበር፤ ከዘመድ ሱቅ ተጠግቶ ወይም የሊስትሮ ሳጥን ይዞ ይጀምርና፣ ዓመት ጠብቆ ለመስቀል ወደ አገሩ ይመለሳል። እሱ ግን የተሻገረው ለትምህርት ነው። ሁለተኛ ደረጃን አዲስ አበባ ጨርሶ፣ በ1950 ወደተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ። በእነዚያ ዓመታት ከዝቅተኛ ክፍሎች በላይ ያለው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። ኮሌጁን የሚመሩት ካናዳዊያን ኢየሱሳውያን ሲሆኑ፣ በየሁለተኛ ደረጃው ደግሞ የሕንድ መምህራን በብዛት ያስተምሩ ነበር። አንድ የቸሃ ልጅ በእንግሊዝኛ እስከ መጻፍ የደረሰበትን ምክንያት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ድርሰት እንዲጽፍ የታዘዘው፣ ማርክ የተሰጠው፣ ልብ ወለድም ያነበበው በዚሁ ቋንቋ ነው።

ከኮሌጁ በኋላ ፈረንሳይ ሄዶ በኤክስ ማርሴይ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ። ከዚያም አትላንቲክን ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1963 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። የጸሐፊነት ዕጣው የወጣው እዚያ ነው።

በዚያ ዩኒቨርሲቲ ቮልፍ ሌስላው የሚባል ሊቅ ያስተምር ነበር። በ1906 በፖላንድ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ፓሪስ የሴም ቋንቋዎችን ያጠና፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ በማጎሪያ ካምፕ ታስሮ ወደ አሜሪካ ያመለጠ ሰው ነው። ከ1946 ጀምሮ ኢትዮጵያ እየተመላለሰ፣ በቅሎ ላይ ሳይቀር እየተጓዘ፣ ብዙም ያልተጻፈባቸውን የጉራጌ ቋንቋዎች ከተናጋሪዎቻቸው አፍ ይለቅም ነበር። በኋላ፣ በ1979፣ በሦስት ቅጽ ያሳተመው የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት የዚህ ልፋት ፍሬ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በሎስ አንጀለስ ግቢ ውስጥ ቸሃ ተናጋሪ፣ ያውም ብዕር የሚወድ ተማሪ ሲያገኝ ምን እንደሚጠይቀው መገመት አያስቸግርም። ስላደግህበት አገር በራስህ ቋንቋ ጻፍልኝ አለው።

ሳህለ ሥላሴም በቸሃ ጻፈ። ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት «የሽነጋ መንደር» ተብሎ ወጣ። ሽነጋ የተባለ ልጅ እድገትን እየተከተለ የመንደሩን ኑሮ በየትዕይንቱ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። በቸሃ የተጻፈ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እየተባለም ይጠቀሳል። የቋንቋ ሊቁ የፈለገው ግስና ዘይቤ የሚለቅምበት ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ግን በዚያው አጋጣሚ ሌላ ነገር አገኘ፤ የጀፎሮ ወሬ ራሱን ችሎ መጽሐፍ መሆን እንደሚችል አየ።

እዚህ ላይ የታሪኩን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይገባል። የሳህለ ሥላሴ የመጀመሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ይታተም እንጂ በእንግሊዝኛ አልታሰበም። እንግሊዝኛውም የሌስላው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ አስተርጓሚው ከመካከል ቢወጣስ የሚል ነበር።

ወደ አገር ሲመለስ ሁለት መንገዶች እየተከፈቱ ነበር። አንደኛው የእውነት መንገድ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ነጋዴዎችና ባለሥልጣናት በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ከየሱቁና ከየመንደሩ ገንዘብ እየሰበሰቡ፣ ከዓለም ገና ወደ አገራቸው የሚዘልቀውን ጥርጊያ ያሠሩ ጀመር። ሁለተኛው መንገድ ለንደን ውስጥ ነበር። ሃይነማን የተባለው አሳታሚ በ1962 «የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ» ብሎ የጀመረው የመጽሐፍ ረድፍ፣ ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ አርታኢ ሆኖለት፣ ከአክራ እስከ ናይሮቢ ተማሪዎች እጅ በርካሽ ዋጋ ይገባ ነበር።

ኢትዮጵያዊ ደራሲ ለዚህ ገበያ በእንግሊዝኛ መጻፉ ያን ጊዜ ብርቅ አልነበረም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የእንግሊዝኛ ቅኔያዊ ተውኔቱን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተመ። «አደፍርስ»ን የጻፈው ዳኛቸው ወርቁ በ1973 በሃይነማን «ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን አወጣ። «አልወለድም» የታገደበት አቤ ጉበኛም በእንግሊዝኛ ጽፏል። እነዚህ ሰዎች አማርኛ አጥሯቸው አይደለም። እንግሊዝኛ አፍሪካዊ አንባቢ ያስገኛል፤ የውጭ አሳታሚ ያስገኛል፤ መጽሐፉም ከአገር ቤት ሳንሱር ደጅ ሳይጠና ይወጣል።

ሕንዶች በዚህ መንገድ ቀድመውናል። ራጃ ራኦ በ1938 «ካንታፑራ» በተባለው ልብ ወለዱ የአንዲትን የደቡብ ሕንድ መንደር ኑሮ፣ በአንዲት አሮጊት አፍ፣ በእንግሊዝኛ ተርኳል። የቦምቤው ገጣሚ ኒሲም ኢዝኪኤል ደግሞ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ የከተማውን የዕለት ተዕለት ኑሮ በእንግሊዝኛ ሲገጥም ኖሯል። ሁለቱም ለምን በባዕድ ቋንቋ የሚል ጥያቄ ይቀርብላቸው ነበር። ሕንድ ግን በእንግሊዝ የተገዛች አገር ናት። የሳህለ ሥላሴ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እንግሊዝኛ ወደ እሱ የመጣው በትምህርት ቤት በር ነው፤ ከአፍ መፍቻው ጋር ያቀያየረውም አማርኛ የሚባል ሦስተኛ ቋንቋ መካከል እያለ ነው።

በ1960ዎቹ መገባደጃ በሃይነማን ረድፍ ቁጥር 52 ሆኖ የወጣው «ዘ አፈርሳታ» ያለ አስተርጓሚ፣ በቀጥታ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ ነው። የተለመደ ዓይነት ጀግና ወይም የፍቅር ታሪክ የጠበቀ አንባቢ በመጀመሪያው ገጽ ግር ይለዋል። ናማጋ የተባለ ሰው ቤት በሌሊት ተቃጥሎ ገንዘቡ ተሰርቋል። ማን አቃጠለው? የውድማ ሠላሳ መንደሮች ይህን ለማጣራት አፈርሳታ ይቀመጣሉ።

አፈርሳታን፣ ወይም በሌላ ስሙ አውጫጭኝን፣ የዛሬ ወጣት ምናልባት ከአያቱ ሰምቶት ይሆናል። ወንጀለኛው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም ያካባቢው ወንድ ሁሉ በተቆረጠለት ቀን ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። የታመመም፣ የደከመም፣ ሐዘን ላይ ያለም ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ተሰብሳቢው ይምላል። ከዚያ «ወፍ» ይመረጣል፤ ወፉ ያየውንና የሰማውን ለሽማግሌዎች በምስጢር የሚያቀብል፣ ማንነቱ የማይገለጥ ሰው ነው። ወፍ ካልተናገረ ጉባኤው በቀጠሮ ይበተንና እንደገና ይጠራል። እንደገናም ይጠራል። በዚያ መካከል እርሻ ይታጎላል፣ ገበያ ያልፋል፣ ከብት ያለ እረኛ ይውላል። ወንጀለኛው ጨርሶ ከጠፋም ካሣው በነዋሪው ላይ የሚደለደልበት ልማድ ነበር። ጨካኝ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል፤ ፖሊስ በሌለበት አገር ግን ጎረቤት ለጎረቤቱ ዋስ የሚሆንበት ብቸኛ መንገድ ነበር።

የቤት መቃጠልም እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። የጉራጌ ትልቅ ቤት ሌሊት ሰውንም ከብትንም በአንድ ጣራ ሥር ያሳድራል። ቤት ሲቃጠል ጥጃው፣ ዕቃው፣ አልጋው፣ የዓመት ልፋቱ አብሮ ይነዳል። አንትሮፖሎጂስቱ ዊሊያም ሻክ በ1966 ባሳተመው የጉራጌ ጥናቱ እንዳሰፈረው፣ በባህላዊው እምነት ሌብነትንና ቃጠሎን የሚበቀለው የመብረቅ አምላክ ቦዠ ነው። ሰው ከጉባኤ ቢያመልጥ ከመብረቅ አያመልጥም ይባል ነበር። ስለዚህ ሳህለ ሥላሴ ለልብ ወለዱ ተራ ወንጀል አልመረጠም፤ መንደሩ በምድርም በሰማይም ዳኛ ያቆመበትን ወንጀል ነው የመረጠው።

በመጽሐፉ ውስጥ ስብሰባ ስብሰባን ይወልዳል። ሰው ይጠረጠራል፣ ሐሜት ይወጣል፣ የቆየ ቂም ይነሳል፣ ባለጸጋውና ጭሰኛው፣ ሹሙና ተራው ሰው እንዴት እንደሚተያዩ ይገለጣል። በመጨረሻ ወንጀለኛው አይገኝም። የወንጀል ልብ ወለድ ለምዶ መልስ የጠበቀ አንባቢ ቅር ሊለው ይችላል። ደራሲው ግን ጥፋተኛውን ፍለጋ ያዞረን መንደሩን ሊያሳየን ነው፤ ጉባኤው ሌባ ባያወጣም የሰዉን ልብ አውጥቷል።

ወቅቱንም ማስታወስ ያሻል። ይህ መጽሐፍ ሲጻፍ ኢትዮጵያ ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1957፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በ1961 አውጥታለች። በወረቀት ላይ ምርመራ የፖሊስ፣ ፍርድ የፍርድ ቤት ሆኗል። ኤክስ ማርሴይ ላይ ሕግ የተማረው ሳህለ ሥላሴ ይህን በሚገባ ያውቃል። መጽሐፉ አሮጌውን ሥርዓት አያወድሰውም፣ አያላግጥበትምም፤ አጠገባችን ያለ፣ ገና ያላለቀ ነገር አድርጎ ያቀርበዋል። የሃይነማን አንባቢ፣ የላጎሱም የካምፓላውም፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው ንጉሠ ነገሥቱንና ላሊበላን ነበር፤ እዚህ ግን ስለ ጠፋ ገንዘብ የሚጨቃጨቁ እንሰት በሎችን አገኘ።

በ1974 በዚያው ረድፍ ቁጥር 163 ሆኖ «ዋሪየር ኪንግ» ወጣ። ርዕሰ ጉዳዩ ካሣ ኃይሉ፣ የቋራው ሽፍታ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ነው። ይህ ሰው ለአማርኛ ጸሐፊዎች አዲስ አልነበረም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ» ጽፈውበታል። ሳህለ ሥላሴ የወሰደው የካሣን መውጣት ነው፤ ሽፍታ ሆኖ ተነስቶ፣ በ1852 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በ1853 አይሻል ላይ የራስ ዓሊን ጦር፣ በ1855 መጀመሪያ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ ዘውድ የደፋበትን የታሪክ ዘመን። የጉራጌ ልጅ የቋራን ሰው ለውጭ አንባቢ መተረኩ ራሱ የሚያስተውሉት ነገር ነው። ከመንደር ጉባኤ ወደ አገር ጉባኤ ተሻግሯል፤ ጥያቄውም ሰፍቷል፤ ሥርዓት የጠፋበትን አገር ማን፣ በምን መብት ያስተካክላል?

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት አገሪቱ ይህንኑ ጥያቄ አደባባይ ላይ ትጠይቅ ጀመር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ሹፌሮች፣ መምህራንና ወታደሮች ተነሱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ወጡ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ በ«ዘ አፈርሳታ» ሜዳ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ባለ መሬትና ጭሰኛ በአዋጅ ተለያዩ።

የአብዮቱን ዋዜማ ሳህለ ሥላሴ በ1979 ሎንግማን ባሳተመለት «ፋየርብራንድስ» ጻፈው፤ ትርጉሙ እሳት ለኳሾቹ ማለት ነው። ትዕይንቱ ወደ ከተማ መጥቷል። ቢሮ፣ ደሞዝ፣ ጉቦ፣ ንጹሕ ሆኖ ለመኖር የሚታገል ሠራተኛ፣ ተማሪዎች የሚያነሱት አመጽ አለበት። ከአራት ዓመት በኋላ በአገር ውስጥ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለው የአማርኛ ልብ ወለድ ወጣ፣ ታገደ፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. ጠፋ። በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር፣ ስላለፈው ሥርዓት ብልሹነት መጻፍ በአማርኛ፣ በአዲስ አበባ፣ ስላለው ሥርዓት ከመጻፍ ጋር አንድ አይደለም። ይህ ለሳህለ ሥላሴ ክብርም ነቀፌታም አይደለም፤ የቋንቋ ምርጫ በዚያ ዘመን ምን ያህል የደኅንነት ምርጫም እንደነበረ የሚያሳይ ሐቅ ነው።

እንዲህም ሆኖ አማርኛን አልተወም። «ወጣት ይፍረደው» እና «ባሻ ቅጣው» የአማርኛ ልብ ወለዶቹ ናቸው። ርዕሶቹን ብቻ የተመለከተ ሰው እንኳ ፍርድና ቅጣት የሚለው ጉዳይ በአማርኛም እንዳልለቀቀው ያያል። ከዚያ የትርጉም ሥራ ጀመረ። የቪክቶር ሁጎን ትልቅ ልብ ወለድ «መከረኞች» ብሎ ወደ አማርኛ መለሰ፤ አንድ ዳቦ ሰርቆ ዕድሜ ልኩን የሚሳደድ ሰው ታሪክ ነው። የቻርልስ ዲከንስንም ሥራ ተርጉሟል። ሰባት ቤትን ለለንደን አንባቢ ያደረሰው ሰው አሁን ፓሪስንና ለንደንን ለአማርኛ አንባቢ አመጣ። በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ከሚያውቁት ይልቅ በእነዚህ ትርጉሞች የሚያውቁት ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ሳይበዙ አይቀሩም።

ተቺዎች የሚያነሱበት ጉድለት አለ። እንግሊዝኛው ቀጥተኛና ቁጥብ ነው፤ የዳኛቸውን ዓይነት ውስብስብ ውበት የሚፈልግ አያገኝበትም። አንዳንድ ቦታ ትረካውን ገታ አድርጎ ልማዱን እንደ መምህር ያስረዳል፤ ቸሃን ለማያውቅ ባዕድ ስለሚጽፍ እንጂ ለአገናና ለእምድብር አንባቢ ቢሆን የግማሹ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር። ግለሰቦቹም ከጉባኤው ይልቅ ይደበዝዛሉ። ይህ የመጨረሻው ግን፣ እኔ እንደማየው፣ ጉድለት ሳይሆን የደራሲው መለያ ነው። ለሳህለ ሥላሴ ባለታሪኩ መንደሩ ነው። ሦስቱ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ሦስት አውጫጭኝ ናቸው፤ አንዱ መንደርን፣ አንዱ የአገርን ያለፈ ታሪክ፣ አንዱ መንግሥትን ሜዳ ላይ አውጥቶ ይጠይቃል።

ከእሱ በኋላ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ኢትዮጵያውያን በቁጥርም በዝናም አድገዋል። ሃማ ቱማ በ1993 በዚያው በሃይነማን ረድፍ የፍርድ ቤት ስላቆቹን አወጣ። ዲናው መንግሥቱ በአሜሪካ የስደተኛውን ብቸኝነት ጻፈ። የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር ደረሰ። ዲናውና መዓዛ በልጅነታቸው ከአገር የወጡ፣ በእንግሊዝኛ ያደጉ ናቸው። ሳህለ ሥላሴ ግን አፉን በቸሃ ፈትቶ፣ አድጎ፣ አስቦና መርጦ ነው የገባበት።

ዛሬ በጉራጊኛ ስለመጻፍ፣ ስለ ፊደሉም ስለ ዘዬውም፣ ብዙ ክርክር ይሰማል። የትኛው ዘዬ ይቅደም፣ የቸሃው ወይስ የእዣው፣ የሶዶው ወይስ የሌላው የሚለው ሳይለይ ብዕር የማያነሱ አሉ። በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) ሎስ አንጀለስ የተቀመጠው ተማሪ ይህ ሁሉ እስኪጣራ አልጠበቀም። የሚያውቀውን መንደር በሚያውቀው አፍ ጻፈ፤ አስተርጓሚ፣ አሳታሚና አንባቢ በየተራቸው መጡ። ከዚያ በኋላ የጻፈው እንግሊዝኛም ያገኘው አቅም ከዚያ የቸሃ ረቂቅ የመጣ ነው፤ የናማጋን ቤት ቃጠሎ ያህል ነገር በመዝገበ ቃላት ብቻ የተማረ ሰው አይጽፈውም።